የከል ከረባት

ነገሳ ስለ ራሱ የሚወራውን የሰማው ከመዝገብ ቤቱ የመጨረሻ መደርደሪያ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የወደቁ ፋይሎች ሲሰበስብ ነው። ወልደ ኢየሱስና ከድር ከወዲያ በኩል ቆመው ሲጋራ ያጨሳሉ፤ እሱ እዚያ መኖሩን አላወቁም። "ወንድ ልጅ ለሚስት ይኼን ያህል ከል አይለብስም፤ ለእናቱ ቢሆን አንድ ነገር ነው" አለ ወልደ ኢየሱስ። በድምፁ ክፋት አልነበረበትም፤ ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም እንደሚል ሰው ነበር የተናገረው። ከድርም ሙት ዓመቱ ባለፈው እሑድ ከወጣ አሁን ጊዜው ነው ብሎ ተስማማ። ከዚያ የሚያደርጉትን ተነጋገሩ። ቅዳሜ ስለሆነ ሥራ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ዋና ዳይሬክተሩ ክፍል ይሰበሰባሉ። ከፒያሳ የተገዛው አዲስ ከረባት በወረቀት ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ጥቁሩን ከነገሳ አንገት ላይ ፈትተው አዲሱን የሚያስሩለት ዋና ዳይሬክተሩ አቶ ዓምደ ሚካኤል ራሳቸው ናቸው። "እሳቸው ካሰሩለትማ ሰው ይመስላል" አለ ወልደ ኢየሱስ ሲጋራውን በጫማው ደፍጥጦ። ተያይዘው ሄዱ። ነገሳ ፋይሎቹን እንዳቀፈ እዚያው ቁጢጥ እንዳለ ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ሐዘንተኛ ከሉን በገዛ እጁ አያወልቅም፤ እንዲያ ካደረገ ሟቹን ለመርሳት የቸኮለ ይመስላል። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ አዲስ ልብስ ገዝቶ ነው የሚያስወልቀው። መሥሪያ ቤቱ በዚህ በኩል አይታማም፤ ነገሳ ራሱ ለስንቱ አዋጥቷል፣ የስንቱን ሐዘንተኛ ትከሻ መታ መታ አድርጎ "ይብቃህ" ብሏል። እምቢ ያለ ሐዘንተኛ ሰው ናቀ ይባላል፤ ካልሆነም የደበቀው ነገር አለ ይባላል። ነገሳ ደግሞ የደበቀው ነገር ነበረው። አንገቱ ላይ ያለውን ጥቁር ከረባት እሱ አላሰረውም። ያሰረችው ሎሚ ናት፤ ከል የለበሰላት ሚስቱ፣ ራሷ።

ሎሚ በሕይወት ሳለች ቀበና ወንዝ ዳር በአንድ አርመናዊ ነጋዴ ቤት ልብስ ታጥብና ትተኩስ ነበር። ሰውየው ሰነፍ ቢጤ ስለነበረ ከረባቱን እሷ ተኩሳ፣ እሷው አስራ ካላቀረበችለት ከቤት አይወጣም፤ ስለዚህ እጇ ነገሩን እንደ ሹሩባ ለመደው። በሃምሳ ሁለት ዓ.ም. ነገሳ ከተላላኪነት ወደ መዝገብ ቤት ጸሐፊነት አደገ። በዚያው ዓመት አቶ ዓምደ ሚካኤል ከውጭ አገር ተመልሰው ዋና ዳይሬክተር ሆኑና ከረባት ያላሰረ ጸሐፊ ከበር እንዲመለስ ትእዛዝ አወጡ። ነገሳ የየካ ገበሬ ልጅ ነው። ባሕር ዛፍ ይፈልጣል፣ የአህያ ጭነት ይጠፍራል፣ የእጅ ጽሕፈቱም ከብዙዎቹ ያምራል። ይህ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ግን አልገባው አለ። ሎሚ ልታስተምረው ሞከረች፤ ስቃ ስቃ ስትደክም ተወችው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እሷ አጭር ስለሆነች የበሩ ደፍ ላይ ወጥታ ትቆማለች፣ እሱ ከታች ሆኖ አንገቱን ይሰጣታል። ስትጨርስ ደረቱን በመዳፏ መታ አድርጋ "በል ሂድ" ትለዋለች። ያቺ አፍታ ከቀኑ ሁሉ ደስ የምትለው እንደነበረች ነገሳ ያወቀው ኋላ፣ ከቀረች በኋላ ነው።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። እንዲያውቅም አይፈልግም። የወንዶቹ ጨዋታ ሁሉ በልብስ ላይ ነው፤ የማን ሙሉ ልብስ በልኩ ተሰፋ፣ የማን የውሰት ነው፣ የማን ካልሲ ተረከዙ ላይ ተቀዷል። ሸሚዙ የተጨማደደ ይሳቅበታል። ሸሚዙን ሚስቱ የተኮሰችለት ይቀናበታል። ከረባቱን ሴት ያሰረችለት ወንድ ቢገኝ ምን እንደሚሉት ማንም አያውቅም፤ እስከዚያች ቀን የተገኘ የለማ።

ሎሚ ሳል ጸንቶባት፣ ሐኪም ቤቱም ቤቷ ትሁን ብሎ ከመለሳት በኋላ ነው ነገሩ የሆነው። አንድ ቀን ማምሻውን ነገሳ ከሥራ ሲገባ አዲስ ጥቁር ከረባት፣ ታስሮ ያለቀ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አየ። የማን ነው ብሎ ጠየቀ። ሎሚ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። "ያንተ ነው። የኔን ከል ማን ያስርልሃል ብዬ ነው" አለችው። ቀጥላም አስረዳችው። ቋጠሮውን ላላ አድርጎ በጭንቅላቱ ማጥለቅ፣ ከዚያ ከሥር ያለውን ቀጭኑን ጫፍ ሳብ ማድረግ ነው፤ ማታም እንዲሁ አላልቶ ማውለቅ። እንዳትፈታው ብቻ አለችው። ነገሳ ተቆጣ። ሰው ሳይሞት ከል ይዘጋጃል ወይ፣ በእኔ ላይ ሟርት ታሟርቺያለሽ ወይ ብሎ ጮኸባት። ለእሷ የተናገረው የመጨረሻው ረጅም ነገር ያ ሆነ። በዚያው ሳምንት ሞተች።

እሱም እንዳለችው አደረገ። ጠዋት አጠለቀው፣ ማታ አላልቶ አወለቀው። ከረባቱ ሳይፈታ ሊታጠብም ሊተኮስም ስለማይችል በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ያደርገዋል፤ የጨርቁን ፊት ፀሐይ በልቶት አመድማ ሆነ። ሰው ሁሉ ሐዘኑ ጸንቶበት ነው ይል ነበር፤ እውነትም ጸንቶበት ነበር። ነገር ግን እሱ ከቀለሙ ይልቅ የሚጠብቀው ቋጠሮውን ነው። ቤት ውስጥ ሎሚ እንዳስቀመጠችው የቀረ ነገር የለም። ቀሚሶቿ ለድሃ ተሰጡ፤ የተኮሰቻቸው ሸሚዞች ተለብሰው ታጠቡ። ይህ ቋጠሮ ግን ጣቷ እንዳደረገው አለ። በሥራ መካከል ሰው ሳያየው በአውራ ጣቱ ይነካዋል።

ቤቱ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ከጓሮው የሚጀምረው ባሕር ዛፍ እስከ እንጦጦ ይወጣል፤ ነፋስ ሲመጣ ቆርቆሮው ያፏጫል። ከነገሳ ጋር የሚኖሩት የሎሚ እናት ወይዘሮ የማርያምወርቅ ናቸው። ልጃቸውን ሊያስታምሙ መጥተው፣ ልጃቸው ስትሞት መሄጃ አልነበራቸውምና ቀሩ። በወገናቸው ልማድ አማትና አማች በስም አይጠራሩም፤ ፊት ለፊት ተቀምጠውም አይበሉም። ሎሚ ሳለች ይህ አይከብድም ነበር፤ ወሬው ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል፣ እሷም እየጨመረችበት እየቀነሰችለት ለሁለቱም ታደርሳለች። ሎሚ ስትሞት ወሬው ማለፊያ አጣ። አሁን ጨው አልቋል፣ ጋዝ በጠርሙስ አምስት ሳንቲም ጨምሯል፣ የጎረቤት ዶሮ ጎመኑን ጫረችው ይባባሉና ቀኑ ያልቃል። ራቱን ለየብቻ፣ በየክፍላቸው ይበላሉ። በግድግዳው ውስጥ አንዱ የሌላውን ማላመጥ ይሰማል።

አንድ ነገር ግን በየጠዋቱ አይቀርም። ነገሳ ሊወጣ ሲል ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከሚሠሩት ቀና ብለው አንገቱን ያያሉ። ፊቱን አይደለም የሚያዩት፣ አንገቱን ነው። ከዚያ "በሰላም ይግቡ" ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ነገሳ ነገሩ ገብቶኛል ብሎ ያስብ ነበር። ልጄን ረሳት ወይስ አልረሳት ብለው ነው፣ ከሉን አውልቆ ሌላ ሴት ሊያመጣ የሚነሣበትን ቀን እየጠበቁ ነው። ስለዚህ በእሳቸው አጠገብ ሲያልፍ የኮቱን ክፈፍ ሰብሰብ ያደርጋል። ዛሬ ጠዋትም እንዲሁ አይተውታል፣ እሱም እንዲሁ ሰብስቧል።

ፋይሎቹን ቦታቸው መልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "ሚስቴ ናት ያሰረችው፤ እባካችሁ አትፍቱብኝ።" በልቡ ደጋግሞ አለው፤ በልብ ሲባል አይከብድም። ለከድር ቢነግረው ይረዳዋል ብሎ አሰበ፤ ከድር ደግ ነው፣ በሎሚ ቀብር ላይ አፈር ሲያለብስ የነበረ ሰው ነው። ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ከድር ለበዓል ያሰፋውን የሱፍ ኮት ገበር ገልብጦ አሳየው። ልብስ ሰፊው ከነሱሪው ስልሳ ብር ብሎት በብዙ ክርክር እንደቀነሰለት ነገረው። ነገሳ ጉሮሮውን ጠርጎ "ስለ ከረባት ነገር..." ሲል ከድር ምሥጢር የወጣበት መስሎት ፈገግ አለና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እንዲህ ሳሉ ወልደ ኢየሱስ አንድ አዲስ ወሬ ይዞ ገባ። በሒሳብ ክፍል ያለ አንድ ሰው ካልሲውን የምትመርጥለት ሚስቱ ናት አሉ፤ ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ታስቀምጥለታለች። ወልደ ኢየሱስ ሰውየው እግሩን ዘርግቶ ሚስቱ ካልሲ ስታጠልቅለት እያስመሰለ አሳየ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ነገሳም ሳቀ። እንዲያውም ከሁሉ ጎላ ብሎ የተሰማው የእሱ ሳቅ ነው።

ሌላ ዘዴ ቀረው። ሰዓቱ ሳይደርስ ራሱ አላልቶ አውልቆ ኪሱ ውስጥ ማድረግ። ባዶ አንገቱን ቢመጣ ይቀየማሉ፣ ድፍረት ነው ይላሉ፤ ይበሉ። ቋጠሮው ግን ይድናል። ቀጭኑን ጫፍ ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባና መስተዋቱ ፊት ቆመ። በመስተዋቱ ውስጥ ያየው ሰው ጢሙን ተላጭቶ፣ ጸጉሩን ቅባት ተቀብቶ፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ አንድ ነገር የሰረቀ የሚመስል ሰው ነው። ማላላት እንደ ጀመረ በሩ ተከፈተ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ነበሩ፤ እጃቸውን ሊታጠቡ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ክፉ ሰው አልነበሩም። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ኪሳቸው ላይ የምትታየው ነጭ መሐረብ ሁልጊዜ አዲስ የሆነች ሰው ናቸው። ነገሳ አንገቱን ሲነካካ አይተው ሊያምርበት ያስተካክላል ብለው ገመቱ። ፈገግ አሉ። እጃቸውን እያደራረቁ ቤይሩት ሳሉ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አምስት ዓይነት አስተሳሰር እንዳስተማራቸው፣ እሳቸውም ሰውን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት ቋጠሮውን እንደሆነ አወሩለት። ልል ያሰረ ሰው ሥራውም ልል ነው፤ አንቆ ያሰረ ሰው ፈሪ ነው። "ይተዉት አቶ ነገሳ፣ ዛሬ እኔ አስተካክልልዎታለሁ" ብለው ክንዱን ያዙት። እንዲሁ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በመተላለፊያው አለፉ። በየበሩ ያሉ ጸሐፊዎች ዋና ዳይሬክተሩ የያዙትን ሰው ሲያዩ ብድግ ብድግ አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ነገሳ ይህን ክብር ዕድሜ ልኩን ያወራው ነበር።

ክፍሉ ምንጣፍ የለበሰ፣ መጋረጃው ከባድ፣ ሁልጊዜ የሲጋራና የሽቶ ሽታ ያለበት ነው። ወንዶቹ በሙሉ ልብሳቸው ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል። አንድ ጠርሙስ ቬርሙትና የብርጭቆ ረድፍ ጠረጴዛው ላይ አለ። አቶ ዓምደ ሚካኤል አጭር ንግግር አደረጉ። ሐዘን ልክ እንዳለው፣ መንግሥት ከሠራተኛው ንቃት እንደሚጠብቅ፣ ነገሳ ገና ጎልማሳ እንደሆነ ተናገሩ። በመጨረሻ ወረቀቱን ፈቱ። ከረባቱ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ሰማያዊ ሰንበር የተጋደመበት ነው፤ ውድ መሆኑ ያስታውቃል። ሁለት እጃቸውን ወደ ነገሳ አንገት ሲሰዱ ነገሳ ቋጠሮውን በጭብጡ ያዘ። "እኔ ራሴ ላውልቀው ጌታዬ" አለ። ቀጭኑን ጫፍ ያዘና አላላው፤ በጆሮዎቹ ላይ አሳልፎ በጭንቅላቱ አወጣው።

ወልደ ኢየሱስ ሳቀ። ይህ ከረባት ነው ወይስ የጥጃ ማሰሪያ አለ። ሌሎቹም ሳቁ። የሚሳለቁ አልነበሩም፤ ሐዘኑ ያበቃበት ቀን ስለሆነ መሳቅ ተፈቅዷል ብለው ነው። "አትፈታውም እንዴ? ማን ነው የሚያስርልህ?" አለ ወልደ ኢየሱስ።

ነገሳ ቋጠሮውን በመዳፉ ይዞ ቆመ። ከአንገቱ የወጣ ስለሆነ ገና ይሞቃል። ዓረፍተ ነገሩ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጠዋት ሲያጠናው የዋለው ነው፣ አንድም ቃል አልጠፋበትም። ዓይኑን ቀና ሲያደርግ ግን ያየው አንገቶቹን ነው፤ በየራሳቸው ያሰሩ፣ ወይም በየራሳችን አስረናል የሚሉ አንገቶች፣ ዙሪያውን ተደርድረው።

"ራሴ ነኝ" አለ።

እንግዲያውማ ፍታውና አዲሱን እዚሁ እሰረው እንይህ አለ ወልደ ኢየሱስ። አቶ ዓምደ ሚካኤልም ሐሳቡ ደስ አላቸው። ሰው ከሐዘን ሲወጣ በገዛ እጁ ቢያስር ይሻላል ብለው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሁሉም ይጠብቃል። ነገሳ የቋጠሮውን ጎን በሁለት ጣቱ ያዘ፤ ዓመት ሙሉ የኖረ ነገር ስለሆነ ጠንክሯል፣ አልፈታም ይላል ብሎ አስቦ ነበር። አንዴ ሳብ ሲያደርገው እንደ ጫማ ክር ተፈታ። እጁ ላይ የቀረው ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነበር።

አዲሱን ሰጡት። አንገቱ ላይ አደረገው፤ ሰፊውን ጫፍ በጠባቡ ላይ አሳለፈ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቅም። አንዴ አዞረው፣ ተፈታ። እንደገና አዞረው። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ወልደ ኢየሱስ እንኳ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ አደረገ። ያን ጊዜ ከድር ወደ ፊት ወጣና "እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ሐዘን ነው፣ ተዉት" አለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ እውነት ነው፣ ሐዘን ነው አሉ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ቀረብ ብለው በቤይሩቱ አስተሳሰር አሰሩለት፤ እጃቸው ቀዝቃዛና ፈጣን ነበር። ተጨበጨበ፤ ቬርሙቱ ተቀዳ። እያንዳንዱ እየመጣ ትከሻውን መታ አደረገው፤ "ወንድ ነህ፣ ቻልከው" አሉት። በዚያ ክፍል ነገሳን የጠረጠረው አንድም ሰው የለም። ሲወጣ ማንም የማይስቅበት ወንድ ሆኖ ወጣ።

ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወደ ቀበና ሲወርድ አውቶቡስ አልፎት ሄደ፤ ሊሳፈርበት አልፈለገም። ከድልድዩ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጥቁሩን ከረባት ከኪሱ አወጣ። ጨርቁ ላይ ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ይታያል። ከውጭ የነበረው አመድማ ሲሆን፣ ውስጥ ተጠቅልሎ የኖረው ግን ከሱቅ እንደ ወጣ ጥቁር ነው፤ ዕጥፋቶቹም መስመር ሠርተዋል። መስመሮቹን ተከትዬ ብመልሰው ብሎ አሰበ። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በዚህ ዕጥፋት አጠፈው፣ በዚያኛው አዞረው። አልሆነም። ሌላ ሞከረ፤ የእንጨት ሸክም የሚጠፈርበት ዓይነት ቋጠሮ ሆነ። ፈታው። በሞከረ ቁጥር አዲስ ዕጥፋት እየጨመረ የእሷ የትኛው፣ የእሱ የትኛው እንደሆነ እየተደባለቀበት መጣ። ያን ጊዜ ተወው። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ከወዲያ ማዶ ሆነው ባለ ሙሉ ልብሱን ሰውዬ ያዩታል። ማልቀስ ፈልጎ ነበር፤ ስለሚያዩት ተነሣ።

ወደ ቤት ለመድረስ አልቸኮለም። መንገድ ዳር አንድ ሾላ ዛፍ ሥር ቆሞ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች አሳለፈ። የሚያውቀው ባለ ሱቅ ጠራው፤ በአዲሱ ከረባት እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ስለ ስኳር መወደድ ረጅም ነገር አወራው። ነገሳ እሺ እሺ ይላል። የሚያስበው አማቱን ነው። ጠዋት ጠዋት የሚያዩት አንገት ዛሬ ወይን ጠጅ ሆኖ ይገባል፤ ያኔ ምን ይላሉ? ምንም ላይሉ ይችላሉ፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። ኮቱን እስከ ላይ ቆልፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሲደርስ ፀሐይዋ ልትገባ ነበር።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ መደቡ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እንደ ሁልጊዜው ቀና ብለው አንገቱን አዩ። ኮቱ አልጋረደውም። ሰፌዱን ከጉልበታቸው ላይ አውርደው ጎናቸው አስቀመጡ።

"አስወለቁዎት" አሉ።

"አዎን።"

ጥቁሩ የት እንዳለ ጠየቁ። ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው፤ ሲሰጣቸው እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። እሳቸው ጨርቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ፤ የሆነ ነገር እንደሚፈልጉ መሃሉ ላይ ቆሙ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያ ማን እንደፈታው ጠየቁ።

"እኔ ነኝ" አለ ነገሳ። ቀኑን ሙሉ ያልወጣው ነገር አሁን ማንም ሳያስገድደው ወጣ። "ማን ያስርልሃል አሉኝ። ሚስቴ ማለት አፈርኩ።"

የጠበቀው ቁጣ አልመጣም። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ቆይተው "እኔ አንገት ላይ ነው ያሰረችው" አሉ።

ነገሳ አልገባውም። እሳቸውም ወደ በሩ እያዩ፣ ለእሱ ሳይሆን ለደጁ እንደሚናገሩ ሆነው ነገሩት። በዚያን ቀን እሱ ሥራ ነበር። ሎሚ ጠርታቸው አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ከረባት በባዶ አየር ላይ አይታሰርም፣ አንገት ይፈልጋል፣ የእሷ አንገት ደግሞ ቀና አይልም። እሳቸው የወንድ ነገር ነው፣ ነውር ነው ቢሏት ሳቀች። ክንዷ አልጸና ስላላት ክርኖቿን እናቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ትኩሳት ነበረባትና ጣቶቿ አገጫቸው ሥር እንደ ፍም ይሞቃሉ። አሰረችው፤ አላማራትም፣ ፈታችው። እንደገና አሰረች፣ እንደገና ፈታች። እሳቸው በአፋቸው ይብቃሽ ልጄ፣ ዕረፊ ይሏታል፤ በልባቸው ግን ደግሞ በተበላሸባት ይሉ ነበር። ከሕፃንነቷ ወዲህ እንዲያ አንገታቸውን ይዛ አታውቅም። ከዚያም ወዲህ የነካቸው ሰው የለም።

"ጠዋት ጠዋት ያንን ቋጠሮ ነበር የማየው" አሉ።

ነገሳ መደቡ ላይ፣ ከእሳቸው ፊት ለፊት ተቀመጠ። ልማዱ ትዝ አላለውም። ዓመት ሙሉ በእሳቸው አጠገብ ሲያልፍ የኮቱን ክፈፍ ሰብሰብ ያደርግ የነበረው እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ይቅርታ ማለት ፈለገ። የትኛውን ነገር ይቅር እንዲሉት እንደሚጠይቅ ግን አላወቀም፤ ፈትቶታል፣ ደብቆባቸዋል፣ ሳያውቅ ብቻውን ለብሶት ኖሯል። ውጭ ባሕር ዛፉ ይንሿሿል። ክፍሉ እየጨለመ ነው፤ ኩራዙን ለማብራት ማንም አልተነሣም።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉ። ሥሩ ያለው ቀሚስ ጥቁር ነው፤ ተጎሳቁሏል። ነገሳ እሳቸውም ዓመት ሙሉ ከል ለብሰው እንደኖሩ አያውቅ ኖሮ አይደለም፤ አንድም ቀን ግን ማን ያስወልቃቸዋል ብሎ አስቦ አያውቅም።

"የእርስዎን አስወልቀውልዎታል፤ እሰየው። የኔን ከል የምታስወልቀኝ እሷ ነበረች" አሉ። "እንግዲህ ይኼን ለኔ ይተዉልኝ።"

ነገሳ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እሳቸውም የተፈታውን ከረባት ባዶ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ሁለቱን ጫፎች ጡታቸው ላይ አደራርበው፣ በነጠላቸው ሸፈኑት። ሰፌዱን አንሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ነገሳ ቢፈታበት የሚያስርለት የለምና፣ አቶ ዓምደ ሚካኤል ያሰሩለትን ከረባት ማላላት እየፈራ፣ ጨለማው ውስጥ ቁጭ አለ።